ሰላም ያልመለሰው ወንበር

ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ አውሮፕላን ማብረር የተማሩት በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ገና ልጅ እግር ሳሉ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ስለ እርሳቸው ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ጠላት መጣ፣ ልጅቷ ከአውሮፕላኑ ወረደች፣ አለቀ። እኛ ግን ፍርድ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው እንላለን። ጦርነቱ ያደረገው የታወቀ ነው፤ ሰላሙ ያደረገው ግን እስካሁን አልተመረመረም።

መጀመሪያ የነበረውን ዘመን እናስታውስ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ የፈረንሳዩ ፖቴዝ፣ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ከወረራው በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት መንግሥት መግዛት የቻለው ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ ያልተጠመደባቸው አውሮፕላኖች ነው። ጣሊያን በበኩሉ በመቶ የሚቆጠሩ አሰልፏል። በዚያ ዘመን በሸዋም ሆነ በጎጃም አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ደጃፍ የሚመጣው ሽማግሌ ነበር። ያቺ ልጅ አውሮፕላን ላይ ወጥታ መሪ ስትጨብጥ ለቤተሰቧም ለጎረቤቷም ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበር መገመት አይከብድም። ያም ሆኖ ተፈቀደላት። አብራሪ የቸገራት አገር ሴት ናት ብላ አልመለሰቻትም፤ ለዚህ የዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ ምስጋና ይገባታል።

ለእኛ ለደምበጫና ለአካባቢው ሰዎች አውሮፕላን የሚያስታውሰን ሌላ ነገር ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ፣ የጎጃም ገበሬ አውሮፕላንን በቅርብ ያየው ቦምብና መርዝ ሲጥልበት ነው። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ የወረደው የመርዝ ጋዝ የብዙዎችን ቆዳና ዓይን አቃጥሏል። በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታትም የጣሊያን አውሮፕላን በጎጃም መንደሮች ላይ ሲመላለስ ኖሯል። በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር እዚሁ ደምበጫ አጠገብ እንግሊዞች ይመሩት ከነበረው የጌዴዎን ኃይል ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ገጥሞ ከባድ ደም ፈሰሰ። የጣሊያን ጦርም በቀናት ውስጥ የደምበጫን ምሽግ ለቅቆ ሄደ። እናቶቻችንና አያቶቻችን የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ገደል፣ ወደ ዋሻ ይሮጡ ነበር። ከወረራው በፊት አንዲት ኢትዮጵያዊት ይህንኑ መሣሪያ ራሷ ታበርረው እንደነበር ማን ነገራቸው? ቢነገራቸው ኖሮ ለሴት ልጆቻቸው የሚያወርሱት ወሬ ሌላ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን።

ነጻነት ተመለሰ። አሜሪካዊው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. መጥተው የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንደመሩ ሁሉ፣ በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ቢሾፍቱ ላይ እንደ አዲስ አቋቋሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀንም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አገሪቱ በጦርነት የደቀቀች፣ ገንዘብ የሌላት ነበረች። ቢሆንም ለሥልጠና፣ ለባዕድ መምህራንና ለአውሮፕላን መግዣ የሚሆነውን አላጣችም። ስለዚህ «አገሩ ድሃ ነበር፣ ለሴቶች አልደረሰም» የሚለውን መከራከሪያ አንቀበለውም። ምልመላው ተከፈተ፤ የተጠሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከወረራው በፊት የአብራሪነት ትምህርት ለጀመረች ሴት የተያዘ ቦታ አልነበረም።

ከነጻነት በዓል እስከ ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ድረስ ሰባ ዓመት ይጠጋል። በዚያ ቀን ነው የባሕር ዳሯ ልጅ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነው አውሮፕላን ያዘዙት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪ እስከ መሬት ላይ ሠራተኛ ሴቶች ብቻ የሠሩበትን የሌጎስ በረራ መርተዋል። በእርሳቸው ጎጃም ሁሉ ኮርቷል፣ እኛም ኮርተናል። ነገር ግን ይህን ድል ስናከብር ሰባውን ዓመት ዘልለን ማለፍ አንችልም። በወይዘሮ ሙሉእመቤትና በካፒቴን አምሳለ መካከል ስንት ትውልድ ልጃገረድ አለፈ!

የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ ማን ናት ሲባል ሁለት ስም ይነሣል፤ አንዱ የወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ሌላው የወይዘሮ አሰገደች አሰፋ። ክርክሩ አልፎ አልፎ ይግላል። እኛ በዚህ ላይ ወገን አንይዝም፤ የሚያሳዝነን ጉልበታችን «ፊተኛዋ ማን ናት» በሚለው ላይ አልቆ የሁለቱም ሕይወት በቅጡ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ቀዳሚነት አንድ ቀን ነው። ሕይወት ግን ብዙ ዓመት ነው፤ ማን አስተማራት፣ ቤተሰቧ ምን አለ፣ ጦርነቱን የት አሳለፈች፣ ከዚያ በኋላ አውሮፕላን በላይዋ ሲያልፍ ምን ተሰማት የሚለው ሁሉ የታሪክ አካል ነው።

ይህ በደል የእኛ ብቻ አይደለም። ጃኔት ሃርመን ብራግ፣ ግሪፈን በምትባል የጆርጂያ ትንሽ ከተማ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበሩ። ቺካጎ ላይ አብራሪነት ሲማሩ ካስተማሯቸው አንዱ እኚሁ ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ከደመወዛቸው ቆጥበው አውሮፕላን ገዙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ ከ1000 በላይ ሴቶችን ለጦር አውሮፕላን ማጓጓዣ አሠለጠነች፤ ጃኔት ሲያመለክቱ ግን በቆዳቸው ቀለም ተመለሱ። ታስኬጊ ሄደው የማብረር ፈተናውን በሚገባ ከጨረሱ በኋላ ፈታኙ ለጥቁር ሴት ፈቃድ እንደማይሰጥ ነገራቸው። ተስፋ አልቆረጡም፤ ቺካጎ ተመልሰው ዳግመኛ ተፈተኑና እ.ኤ.አ. በ1943 የንግድ አብራሪነት ፈቃዳቸውን ወሰዱ። በኋላ ዘመናቸው አሜሪካ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንደ እናት ሆነው ነበር። ለዚያ ሥልጠና ተቀባይነት ያገኙት ሴቶችም ቢሆኑ ጦርነቱ ሳያበቃ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ተበተኑ፤ የውትድርና መብታቸው የታወቀው ከ33 ዓመት በኋላ በሕግ ነው። ዘገየ፣ ግን አንድ ምክር ቤት ተቀምጦ «ተበድለዋል፣ ይታወቅላቸው» ብሎ ወሰነ። እኛ አገር ይህን ለማለት የተቀመጠ አካል የለም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የወይዘሮ ሙሉእመቤትን ትምህርት ያቋረጠው ፋሺስት ጣሊያን ነው፤ ቦታቸውን ሳይመልስ የቀረው ግን ከነጻነት በኋላ የቆመው የራሳችን ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ያንሳል አንልም፤ ጠላት አይደለም የሠራው፣ በሰላም ቀን ነው የተሠራው። አየር ኃይሉ፣ አየር መንገዱና ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በጋራ ሆነው የእርሳቸውንና የወይዘሮ አሰገደችን ታሪክ ከሰነድ፣ ከፎቶግራፍና በሕይወት ካሉ ዘመዶች ቃል አሰባስበው እንዲያሳትሙ እንጠይቃለን። ስማቸው በአየር መንገዱ የሥልጠና ተቋም አንድ አዳራሽ ላይ ቢሰፍር ለሀገር የሚከብድ ወጪ የለውም።

ይህን ከደምበጫ የምንጽፈው ግን ለታሪክ ብቻ ተቆርቁረን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በአማራ በሚካሄደው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በጎጃም ከተሞችና ቀበሌዎች ፊዚክስና ሒሳብ መማር የነበረባቸው ልጃገረዶች ቤት ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ተድረዋል። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ዛሬም የሚደነግጡ አሉ። ከእነዚህ መካከል አብራሪ መሆን የምትችል ልጅ የለችም የሚለን ሰው ካለ በምን አወቀ? ግጭቱ ሲበርድ፣ እንዲበርድም እንጸልያለን፣ እንጠይቃለን፣ እነዚህ ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ «ዕድሜሽ አልፏል» የሚል መልስ ሊጠብቃቸው አይገባም።

የክልሉ ትምህርት ቢሮ በግጭቱ ምክንያት የተቋረጡ ዓመታትን በየተማሪዋ ማኅደር ላይ በጽሑፍ እንዲመዘግብ፣ ያገባችውም የወለደችውም ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ እንጠይቃለን። የዕድሜ ጣሪያ አውጥተው ሠልጣኝ የሚመለምሉ ተቋማት ሁሉ፣ አየር መንገዱንና አየር ኃይሉን ጨምሮ፣ ያንን ማስረጃ ተቀብለው የጠፉትን ዓመታት ከዕድሜ ስሌቱ ይቀንሱ። ምዝገባውም አዲስ አበባ ድረስ የመሳፈሪያ ገንዘብ ላላት ብቻ እንዳይሆን ደብረ ማርቆስ ላይ ጣቢያ ይከፈት፤ ማስታወቂያው በደምበጫ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይም ይለጠፍ።