ልማደ አንስት ሲዛባ

በጌዴኦ አገር፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፥ አንዲት ሙሽራ በዓመቷ ካልፀነሰች የጎረቤት ሹክሹክታ ይጀምራል። ልማደ አንስቷ የተዛባ እንደ ሆነማ ወዲያው መካን ትባላለች። እኛ ግን ምክንያቱ ሳይመረመር ይህ ስም ለማንም እንዳይሰጥ እንለምናለን።

አስቀድሞ መዛባቱ እውነት መሆኑ ይለይ። የጤነኛ ሴት ልማድ ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ይመላለሳል። ወራችን 30 ቀን ስለ ሆነ፥ በየ28 ቀኑ የምታይ እኅት በማርያም ዕለት በ21 ብትጀምር፥ በሚቀጥለው ወር በገብርኤል በ19፥ ከዚያም በእስጢፋኖስ በ17 ታያለች። ይህ መዛባት አይባልም። (ጳጉሜን ስትገባ ሒሳቡን ማናጋቷ አይዘንጋ።) ከ35 ቀን እያለፈ የሚዘገይ ወይም 3 ወር የሚጠፋ ከሆነ ግን እንቁላል በጊዜው አለመውጣቱን ሊያመለክት ይችላል። ጠበል የምትጠመቅ እኅት ጠበሏን አትተው፤ ቀኖቹን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ ወደ ሐኪምም ትሂድ።

ሐኪሙ ከሁሉ በፊት እርግዝና አለመኖሩን ያረጋግጣል። ጡት ማጥባቷንና የወሊድ መከላከያ መውሰዷንም ይጠይቃል፤ የሦስት ወሩ መርፌ ከተቋረጠ በኋላ ልማድ እስኪመለስ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላልና መደበቅ አይገባም። ቀጥሎ ከደሟ የእንቅርት ዕጢ ሥራና ጡት ወተት እንዲያፈራ የሚያደርገው ሆርሞን ይመረመራል። በፊቷ ፀጉር ከበቀለና ብጉር ከበዛ ደግሞ የወንዴው ሆርሞን ይለካል።

ረኃብም አንዱ ምክንያት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ተጠልለው ነበር። እንዲህ ያለ ረኃብና ሐዘን ሲጸና፥ አንጎል እንቁላል እንዲወጣ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ለዚህች ሴት እንቁላል ከሚያስወጣ መድኃኒት በፊት ምግብና ዕረፍት ይቀድማል። ሰውነቷ የከሳ እኅትም ስለ ጾሟ ንስሐ አባቷን ታማክር።

ባልስ? እርሱም አብሮ ይሂድ። የዘሩ ምርመራ አጭር ሆኖ ሳለ፥ ብዙ ጊዜ ሚስት ለብቻዋ ስትንከራተት ትቆያለች፤ አንዳንዱም ሳይመረመር ትዳሩን ያፈርሳል።

ልማዷ የሚስተካከል ሴት 1 ዓመት፥ ዕድሜዋ 35 ከሞላ 6 ወር ጠብቃ ትመርመር። ልማዷ የተዛባባት ግን ይህን ያህል መጠበቅ አያሻትም።