ቆሻሻ ኢሜይልን ሕግ ያስቆመዋልን?

ማለዳ የኢሜይል ሳጥናችንን ስንከፍት ያልጠራነው እንግዳ ተሰልፎ ይጠብቀናል። ሎተሪ ደርሷችኋል ባዩ፣ መድኃኒት ሻጩ፣ የሟች ሚኒስትር ሚሊዮኖችን ላካፍላችሁ የሚለው ሁሉ አለ። የተማረሩ ወገኖቻችን "ይህን የሚከለክል ሕግ እንዴት ይጠፋል?" ይላሉ። ሕጉስ ሞልቷል!

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ቡሽ በዲሴምበር 2003 እ.ኤ.አ. "ካን-ስፓም" የተባለውን ሕግ ፈርመዋል። ሕጉ ግን ያልተጠየቀ ማስታወቂያ መላክን አልከለከለም። ላኪው ማንነቱን እንዳያጭበረብርና ተቀባዩ "በቃኝ" ካለ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያቆም ነው ያዘዘው። አጭበርባሪው ይህን ያከብራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። እንዲያውም "በቃኝ" ብሎ የመለሰለት ሰው አድራሻው እንደሚሠራ ራሱ አረጋገጠለት።

ቨርጂኒያ ጠንከር ብላ ነበር። ጀረሚ ጄንስ የተባለውን ላኪ 9 ዓመት እስራት ፈረደችበት። በ2008 እ.ኤ.አ. ግን የክፍለ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ራሱን ሻረው። ምክንያቱም ሕጉ የላኪን ማንነት መደበቅን ሲከለክል ነጋዴውንና ስሙን ደብቆ የፖለቲካ ሐሳብ የሚልከውን ሰው አልለየም። እኛ በዚህ ፍርድ አናዝንም። ጽሑፍ በብዕር ስም ወደ አገር ቤት በኢሜይል ስንበትን የኖርን ሰዎች ነን፤ የደረሰው ሁሉ ፈቅዶ ነው ብለንም አንዋሽም።

ቆሻሻው በእርግጥ የቀነሰበት ጊዜ አለ። በኖቬምበር 2008 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የነበረው ማኮሎ የተባለ ኩባንያ ከኢንተርኔት ሲቆረጥ የዓለም ቆሻሻ ኢሜይል በአንዴ ከግማሽ በላይ ወረደ። መስመሩን የቆረጡት ግን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች እንጂ ዳኞች አልነበሩም። ከወራት በኋላም ያው ጎርፍ በሌላ በር ተመለሰ።

አገራችንም በ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ን አውጥታ ያለፈቃድ ማስታወቂያ የሚልክን በእስራት እቀጣለሁ ብላለች። ከዚያ በፊት ግን ሜሪላንድ የሚኖር፣ "ኪዳኔ" በሚል ስም ክስ የመሠረተ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነበረ። በኢሜይል አባሪ የመጣ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደገባ ገልጾ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት አይከሰስም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ለእኛ ከሎተሪው ይልቅ የሚያስፈራን ይኸኛው ኢሜይል ነው፤ የሚዳኘው ፍርድ ቤት ግን እስካሁን አላየንም።