የአሮጌ ተሽከርካሪዎች አየር ማቀዝቀዣ ቅየራ ጥንቃቄ ይሻል

በደጋማዋ ደብረ ታቦር የተሽከርካሪ አየር ማቀዝቀዣ እምብዛም አያስፈልግም። ይሁንና ለመስክ ሥራ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ መኪና ያለ እርሱ ይቸገራል። ሳይሠራ የከረመ ማቀዝቀዣ ደግሞ የጎማ ማሸጊያው ደርቆ ጋዙ ያፈተልካል።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት የተመረቱ መኪኖች ይጠቀሙበት የነበረው አር-12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ፣ ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮች አቅርቦቱ በ2010 እንዲቆም ተደርጓል።

ማቀዝቀዣው ወደ አር-134ኤ ሲቀየር አሮጌው ጋዝ በመሣሪያ መሰብሰብ፣ ዘይቱ፣ እርጥበት ማጣሪያውና ማሸጊያዎቹም መለወጥ አለባቸው። የቀድሞው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሐድ፣ ጋዙን ብቻ መቀየር ኮምፕሬሰሩን ያለ ቅባት ያስቀረዋል። አር-134ኤም ኦዞንን ባይጎዳ ከባቢ አየርን ያሞቃል።

በመሆኑም የጥገና ወጪ የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ከዋጋው አስቀድመው አሮጌው ጋዝ የት እንደሚገባ ሊጠይቁ ይገባል።