ስሙን ሸምድደን ድንጋዩን አናውቀውም

አንድን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ "የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ በየትኛው ዘመን ተፈጠረ?" በሉት። "ሜሶዞይክ!" ይላችኋል፣ ፈጥኖ። "እሺ፣ ምን ይመስላል? ከሥሩ ምን አለ? ከላዩስ?" ስትሉት ግን ዝም ነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ እኛ መምህራን የምንጠይቀው ስሙን ብቻ ስለሆነ ነው።

ስሙን ያወጣው ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ ነው፤ መጽሐፉ በ1870 (እንደ ፈረንጆች) ታተመ። አንድ የድንጋይ ንጣፍ በደንብ ታይቶ በተገለጸበት ቦታ ይጠራል። ስለዚህ አዲግራት አድራሻ እንጂ ድንበር አይደለም። ያው ንጣፍ አባይ ሸለቆ ውስጥም፣ ኦጋዴንም አለ። የገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት በእሱ ላይ ነው።

ስሙ የልደት ቀንም አይደለም። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ ስለመጣ፣ አሸዋው በኦጋዴን በኩል ቀድሞ፣ በሰሜን ዘግይቶ ነው የተነጠፈው። አንድ ስም፣ የተለያየ ዕድሜ! ይሄን ያልተረዳ ተማሪ ስሙን ቢሸመድደው ምን ይጠቅመዋል?

ደግሞ ባሕሩ ሲመለስ ሌላ አሸዋ ትቶ ሄዷል። መጽሐፋችን "የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ" ይለዋል፤ ትግራይ ላይ አምባ አራዳም፣ አባይ አካባቢ ደብረ ሊባኖስ ይባላል። ከሁለቱ ቁራሽ ቁራሽ አምጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ መለየቱ ቀላል አይደለም። የሚለያቸው ቦታቸው ነው፦ አንዱ ከኖራ ድንጋዩ በታች፣ ሌላው ከላይ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ይግለጹ፣ ከዚያ ይሰይሙ። ቀለሙ ምንድን ነው? አሸዋው ደቃቅ ነው ሻካራ? በምን ላይ ተቀመጠ? ምን ተጫነው? ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዓይንና ደብተር ይበቃል። "ፈተናው ስሙን ነው የሚጠይቀው" የሚል መምህር አይጠፋም፤ እውነት ነው። ግን ነገ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ልጅ የሚጋፈጠው ከድንጋዩ ጋር እንጂ ከስሙ ጋር አይደለም።

ወደ ጎጃም የምትሄዱ ልጆቼ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ የላይኛው አሸዋ፣ ከዚያ ኖራው፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ታች ወንዙ ጋ የአዲግራቱ። ያያችሁትን እዚህ ጻፉልኝ፤ ስሙን ሳይሆን መልኩን።