በሞጁል የተመረቀ አንትሮፖሎጂስት

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በአንትሮፖሎጂ ነው። ያገኘሁትም አንድ ሌሊት እንኳ በማላውቀው ሰው ቤት ሳላድር፣ ለቅሶ ቤት ደብተር ይዤ ሳልቀመጥ፣ የተማርኩበትን ከተማ ቋንቋ «ስንት ነው?» ከማለት አልፌ እንድናገር ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። እንዲህ ያለ ዲግሪ መስጠት ማጭበርበር ነው። ቃሉን አላለሳልሰውም።

የዚህ ሙያ መሠረቱ ከሰው ጋር መኖር ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖውስኪ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ የሰዎቹን ቋንቋ ተማረ። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን የገዳ መጽሐፍ ለመጻፍ ቦረና ወርዷል። አለን ሆበን ደጋ ዳሞት ገብቶ ርስት በየትኛው አያት በኩል እንደሚጠየቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሟገት ከጎጃም ገበሬ ጋር ኖሮ አየ። መንግሥት ግን አላየም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ይዞ ሲመጣ ገበሬው «መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ሸፈተ፤ ነገሩም እስከ አውሮፕላን ድብደባ ደረሰ። አንትሮፖሎጂ የቅንጦት ትምህርት ነው የሚሉኝ ሰዎች ያን ዓመት ያስታውሱልኝ።

እኛስ እንዴት ተማርን? ሃንዳውት ከፎቶኮፒ ቤት ይገዛል። የ«ኢሚክ» (የባህሉ ባለቤት እይታ) እና የ«ኤቲክ» (የውጭ ተመልካች እይታ) ልዩነት ይሸመደዳል። መጨረሻ ላይ ሲኒየር ኤሴይ የሚባለው መመረቂያ ጽሑፍ ይመጣል፤ ርዕሱም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ባህላዊ የግጭት አፈታት ዘዴዎች በእንትን ወረዳ»። ለእረፍት ቤተሰቡ ጋ የሄደው ተማሪ አጎቱን ጨምሮ ጥቂት ሽማግሌዎችን በአንድ ከሰዓት አነጋግሮ ይመለሳል። ያልሄደው ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኮምፒውተር ቤት ያሠራል። አማካሪው ያውቃል፤ ትምህርት ክፍሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይፈርማል። አሁን ደግሞ በላዩ ላይ የመውጫ ፈተና ተጭኗል። ሰው ቤት ገብቶ ማዳመጥ የሚችለውን ከማይችለው በምርጫ ጥያቄ ሊለዩልን!

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ከመካከላቸው ነበር። በየዩኒቨርሲቲው ያለ ፍሬሽማን ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ሊማር ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ግቢዎች በብሔር ግጭት ታመሱ፤ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ለጥፋቱ ኮርሱን አልከስም፤ ጥፋቱ የራሱ ባለቤቶች አሉት። ግን «ኢትኖሴንትሪዝም»ን፣ ሌላውን በራስ ባህል ሚዛን መመዘንን፣ በትክክል አብራርቶ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ አጠገቡ የተኛውን ልጅ በስሙ ብቻ የሚፈራው ከሆነ፣ ያ ነጥብ የምን ነጥብ ነው?

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ አውቃለሁ። ወጪው እኮ ተከፍሏል! መንግሥት የወለጋን ልጅ ጎንደር፣ የጎጃምን ልጅ ዲላ መድቦ፣ አልጋና ምግብ ችሎ ዓመታት ሲያኖር ኖሯል። የልጁ አፍ መፍቻ ያልሆነ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ መሀል ወስዶ ካስቀመጠው በኋላ ግን ዙሪያውን ያጥርበታል። ልጁ ከተማውን የሚያውቀው ልብስ በምታጥብለት ሴትዮ፣ በባጃጅ ሾፌርና በጁስ ቤት በኩል ነው። መምህራኑም መስክ ሲባል የሚታያቸው ደቡብ ኦሞ ነው፤ በአውቶቡስ ሄዶ ከሐመሮች ጋር ፎቶ ተነሥቶ መመለስ። ይህ ጉብኝት ነው፤ ቱሪስትም ያደርገዋል።

ይህች አገር ተማሪዋን ከግቢ ማስወጣት የማታውቅ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወርዶ ያገለግል ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ባላገሩ እንዴት እንደሚኖር በዓይኑ ያየው በዚያ ነው። ያኔ ለሁሉም ተማሪ የተቻለው፣ ዛሬ ለአንድ ትምህርት ክፍል የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከግቢ ውጭ ይሁን። ጦርነት ያለበት ቦታ ማንም ይሂድ አላልኩም፤ ሰላም ባለበት ሁሉ ግን ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ይኑር። ግቢ ውስጥ ለማይመገበው ለኖን ካፌ ተማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ተማሪው አብሮ ይሥራ፤ ቋንቋውን ይልመድ፤ ገበያ ይውጣ፤ ዕድር ላይ ይቀመጥ፤ ማታ ማታ ማስታወሻውን ይጻፍ። መመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብም የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ከፈታኞቹ ጎን ይቀመጡ። የጻፈው በቋንቋቸው ይነገራቸው፤ «ልጄ፣ ይኼ እንኳ ውሸት ነው» ሲሉም ቃላቸው ከፕሮፌሰሩ ቃል እኩል ይያዝ።

ይህን ማድረግ አልችልም የሚል ትምህርት ክፍል በሩን ይዝጋ። ተማሪው ሌላ ትምህርት ይማር፤ ሕዝቡም «አጥንቼሃለሁ» ከሚለው ሰው ይረፍ።