ለማሰሮ ተክል አፈር ስለ ማዘጋጀት

አያቴ ከማረፋቸው በፊት የሰጡኝን ጤና አዳም በግቢያችን መረሬ አፈር በማሰሮ ብተክለው፥ ባለፈው ክረምት ሥሩ በስብሶ ሞተብኝ። መረሬ በእርሻ ላይ ጤፍ ቢያበቅልም፥ በማሰሮ ውስጥ ሲረጥብ አብጦ አየር ይከለክላል፤ ሲደርቅም ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። አንባቢዎቻችን ይህ እንዳይደርስባቸው 2 እጅ ቀይ አፈር፥ 1 እጅ አሸዋ፥ 1 እጅ የበሰበሰ ፍግ መደባለቅ ይገባቸዋል። ፍጉ ሽታው ጠፍቶ እንደ አፈር እስኪፈረፈር የቈየ ይሁን፤ ትኩሱ ሥርን ያቃጥላልና። ድብልቁን አርጥበው ሲጨብጡት ተያይዞ፥ በጣት ሲነኩት ቢፈርስ መልካም ነው፤ እንደ ጭቃ ቢጣበቅ አሸዋ ይጨመርበት። የማሰሮው ታችም ይበሳ፤ ብዙዎች ከሥር ጠጠር ቢደለድሉም የውኃውን መውረድ አያፈጥነውም። ከአያቴ ተክል አስቀድሞ ለጎረቤት የሰጠነው ቅርንጫፍ ጸድቆ ኖሮ፥ ከእርሱ ቈርጬ በዚህ ድብልቅ የተከልሁት አሁን ቅጠል አውጥቷል።