ሌሊት ጠባቂ፣ ቀን ባለቤት አልባ፦ የከተማ ውሻና የአሳዳጊው ኃላፊነት

በሚዛን ተፈሪ፣ በአማንና በቴፒ ውሻ የብዙ ግቢ ጠባቂ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ሥራው ይበዛል፤ ሌሊት በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከሌባ፣ ቀን ማሳውን ከዝንጀሮና ከጦጣ ይጠብቃል። በከተማ ግን ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ይከፈትና ውሻው ወደ ጎዳና ይለቀቃል። ቀኑን በገበያ ዳርና በሥጋ ቤት ደጃፍ ሲንከራተት ይውላል። ያን ጊዜ ሰው ቢነክስ «የማን ውሻ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

ጉዳዩ የጎረቤታሞች ቅሬታ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በሽታው በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከ100 ሟቾች 40ው ገደማ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ውሻ ሲበዛ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆየው እርምጃ በመርዝ መግደል ነው። ይህ መንገድ ዘላቂ ውጤት አላመጣም። ምክንያቱም ጎዳና ላይ ከሚታዩት ውሾች ብዙዎቹ አሳዳጊ ያላቸው ናቸው፤ የሞተው ውሻ ቦታ ብዙም ሳይቆይ ባልተከተበ ቡችላ ይተካል። መርዙም የሞተውን የሚበሉ ጥንብ አንሳዎችንና ጅቦችን ይጨርሳል።

ውጤት ያመጣው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት 10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ሜክሲኮ ለዓመታት ባካሄደችው የውሾች የጅምላ ክትባት ከውሻ የሚተላለፈውን በሽታ በሰው ላይ አጥፍታ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትን ማረጋገጫ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። በአገራችን በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተው በሽታ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ በመፍጀቱ፣ በዚያ አካባቢ ውሾችን መከተብ የዱር እንስሳቱን የማዳን ሥራ አካል ሆኗል። ጫካና ከተማ በሚጎራበቱበት የሸካና የቤንች ምድርም ውሻ ከማሳ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማሳ ይመላለሳልና ትምህርቱ ይመለከተዋል።

ዋናው ጥያቄ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ውሻውን ያላስከተበው ሰው የአንድ መርፌን ዋጋና የግማሽ ቀን ድካም ያተርፋል። የተነከሰው ልጅ ቤተሰብ ግን ለተደጋጋሚ ክትባት ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ይመላለሳል፤ በለቀማ ወቅት ከሆነ ቡናው ዛፍ ላይ ይደርቅበታል። የአንዱ ቸልተኝነት የሌላው ዕዳ ይሆናል ማለት ነው። ሕጉ ይህን አይቀበልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ወይም ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚሠራው ውሻው የማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ውሾችን መመዝገብ፣ ለተከተቡት አንገት ላይ ምልክት ማሰር፣ ክትባቱንም በገበያ ቀን ለአርሶ አደሩ በሚመች ቦታ መስጠት የከተማ አስተዳደሮችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ድርሻ ነው። የሥጋ ቤት ተረፈ ምርትና የገበያ ቆሻሻ ሜዳ ላይ እስከተጣለ ድረስም ውሻን ከጎዳና ማራቅ አይቻልም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ በቤቱ የማይመገብ ውሻ የቤቱ ጠባቂ ሆኖ አይቀጥልም።

ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚያልፉ፣ በባህል መድኃኒት ብቻ የታከመ ሰው የዳነ ሊመስለው ይችላል፤ አደገኛነቱም በዚሁ ላይ ነው። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ በችኮላ ከመግደል ይልቅ ለ10 ቀናት አስሮ በባለሙያ ማስከታተል ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን ውጤት መጠበቅ የለበትም።

ዓለም ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር የያዘው የጊዜ ገደብ 2030 እ.ኤ.አ. ነው። ግቡ በጉባኤ አዳራሽ ቢታወጅም፣ የሚፈጸመው ግን ማለዳ በሚከፈተው የግቢ በር ላይ ነው። ሌሊት «ውሻዬ» የተባለው ውሻ ቀንም ባለቤት ሊኖረው ይገባል።